የእንቅልፍ ቆጠራ፦ በመሥሪያ ቤት የሞላነው መጠይቅና የጎደለው ገጽ

እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ። አቃቂ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ 21 ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ፤ ሞዴል 19 ሳይቆረጥለት የገባ፣ ሞዴል 22 ሳይቆረጥለት የወጣ አንድ ብሎን የለም። ስለዚህ ባለፈው መጋቢት የሰው ሀብት ክፍላችን «የሠራተኞች የእንቅልፍ ጤና ምዘና» የሚል ሊንክ በቴሌግራም ሲለቅብን፣ ሌላው «ደግሞ ይቺ ምንድን ናት?» ሲል እኔ ከልቤ ነው የሞላሁት። ቆጠራ እወዳለሁ።

ምዘናውን ያመጣው አንድ የግል ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም። ገለጻ ሊያደርጉ የመጡት ልጆች ትሁት ነበሩ፣ ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲላቸው እንኳ አልተናደዱም፤ በዚያ ላይ የታዘብኩት ጥፋት የእነሱ ብቻ አይደለም። መጠይቆቹን ግን በየስማቸው አነሣለሁ፤ እነሱ ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው።

ዋናው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መለኪያ ነው። አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዳንኤል ባይስ የሚባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አዘጋጅተውት በ1989 እ.ኤ.አ. ታተመ። ለኛ አገርም እንግዳ አይደለም፤ በሚዛን አማን ነዋሪዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ወር ነው። ስንት ሰዓት አልጋ ላይ ወጣህ፣ እንቅልፍ እስኪወስድህ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ስንት ሰዓት ተነሣህ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእውነት የተኛኸው ስንት ሰዓት ነው። ከዚያ እንቅልፍ የሚነሱ ነገሮች ይዘረዘራሉ፤ ሽንት፣ ሳል፣ ብርድ፣ ሙቀት፣ ቅዠት፣ ሕመም። መልሶቹ በሰባት ክፍል ይጠቃለላሉ፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 3 ያገኛል፣ ድምሩ እስከ 21 ይሄዳል። ቁጥሩ ሲበዛ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ከ5 ያለፈ «እንቅልፉ ጥሩ አይደለም» ተብሎ ይመዘገባል።

ደስ ያለኝ አልጋ ላይ የዋለውን ሰዓትና የተተኛውን ሰዓት ለይቶ መጠየቁ ነው። እኛም መጋዘን ውስጥ ቢን ካርድ በምንለው የዕቃ መመዝገቢያ ላይ ያለ ሌላ፣ በመደርደሪያው ላይ ያለ ሌላ እንላለን። መጠይቁ የተተኛውን ሰዓት አልጋ ላይ ለዋለው ሰዓት አካፍሎ በመቶኛ ያወጣዋል፤ ከ85 በመቶ በላይ ከሆነ ያ ክፍል 0 ያገኛል፣ ማለትም እንከን የለውም። ከዝርዝሩ መጨረሻ ደግሞ «ሌላ ምክንያት ካለ ይግለጹ» የሚል ባዶ መስመር አለ። እግዜር ይስጣቸው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲያስነጥስ ሰምቶ ያልተነሣ ሳምንቱን ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞ ይዞራል። ፒትስበርግ ያሉ ሰዎች ይኼን ሊያውቁ አይችሉም፣ ግን ቦታ ትተውልኛል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ። አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ።

ጥያቄው አማርኛ ነው፣ የስልኩ ሰዓት መምረጫ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከጎኔ የተቀመጠው የጥገና ክፍል ጓደኛዬ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው የሚተኛው፤ 4:30 ብሎ አስገባ። ጠዋት የሚነሣው በስልኩ ማንቂያ ነው፣ ስልኩ ደግሞ 5:30 ነው የሚለው፣ በእኛ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። 5:30 ብሎ አስገባ። ስንት ሰዓት ተኛህ? 6። ሲስተሙ አልተጠራጠረም። አልጋ ላይ 1 ሰዓት፣ እንቅልፍ 6 ሰዓት፤ ውጤቱ ላይ «የእንቅልፍ ብቃት 600%» ብሎ ጻፈለት። ከ85 በላይ ነውና «በጣም ጥሩ» የሚል ጨመረበት። ትክክለኛው 86 በመቶ ገደማ ነበር፤ ያም ጥሩ ስለሆነ እሱ አልተጎዳም፣ ሳምንቱን ሙሉ ግን «ስድስት መቶ» ብለን ስንጠራው ከረምን። 10 ካርቶን ገብቶ 60 ካርቶን ሲወጣ ዝም የሚል ሲስተም እኔ ክፍል ቢኖር ኖሮ ኦዲተር እኔን ነበር የሚያስረኝ።

ሁለቱንም በአበሻ ሰዓት ወይም ሁለቱንም በፈረንጅ ሰዓት ቢያስገባ ልዩነቱ ያው 7 ሰዓት ነው፣ ምንም አይበላሽም። የሚያበላሸው መቀላቀሉ ነው። «ማታ/ሌሊት/ጠዋት» የሚል አንድ ምርጫ ቢያስገቡበት ያልቅ ነበር።

በሁለተኛው መጠይቅ ግን እንዲህ በቀላሉ አልታለፈም። ሳቴድ ይባላል፤ ያው ባይስ በ2014 እ.ኤ.አ. የእንቅልፍ በሽታን ትተው ስለ እንቅልፍ ጤና በጻፉበት ጊዜ ያቀረቡት አምስት ጥያቄ ነው። በእንቅልፍህ ረክተሃል? ቀኑን ሳታንቀላፋ ትውላለህ? ሌሊት ነቅተህ የምትቆየው ከ30 ደቂቃ ያንሳል? ከ6 እስከ 8 ሰዓት ትተኛለህ? የቀረው ስለ ጊዜው ነው፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ተኝተህ ነው ወይ የሚል። ለእያንዳንዱ እስከ 2 ነጥብ፣ ጠቅላላ 10። እዚህ ላይ ደግሞ የበዛ ነው ጥሩ፤ ሁለቱን መጠይቅ አንድ ቀን ላይ አስሞልተው አንዱ ሲበዛ መጥፎ፣ ሌላው ሲበዛ ጥሩ መሆኑን ያልነገሩን ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ተርጓሚው ታዲያ «ከ2፡00 እስከ 4፡00 ሰዓት ተኝተው ያሳልፋሉ?» ብሎ ቁጥሩን እንዳለ አስቀመጠው። የእኛ ሰው ምን ይመልስ? ምሽት 2 ሰዓት ዜና ነው። ከዜናው በኋላ ድራማ አለ። ሁሉም «በጭራሽ» የሚለውን ነካ። ከሁሉ በፊት የሚተኙት የጽዳት ክፍሏ እትዬ እንኳ 0 አገኙ። በአንጻሩ በር ላይ የሚያድረው ዘበኛችን ተራው በማይሆንበት ቀን ከራት በኋላ ወዲያው ስለሚተኛ 2 ነጥብ ሙሉ ወሰደ። የፋብሪካው ሪፖርት «ሠራተኞቹ አግባብ ባልሆነ ሰዓት ይተኛሉ» የሚል ግኝት ይዞ ወጣ አሉ። አስተዳደሩም ተጨንቆ ስብሰባ ጠራ።

የጊዜ ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። መጋቢት ላይ ሑዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። ግማሹ ለሱሁር ይነሣል፣ ግማሹ ለኪዳን ይሄዳል። «ባለፈው አንድ ወር» የሚል መጠይቅ እንዲህ ባለ ወር ከሞላህ የለካኸው ጾሙን ነው። ግንቦት ድረስ ቢቆዩ ምን ነበረበት?

በየሳምንቱ ፈረቃ የሚቀያየሩት ልጆች ደግሞ «አብዛኛውን ጊዜ ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ሲባሉ ተያዩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚባል ነገር የላቸውም። አንዱ የቀኑንና የሌሊቱን አማካይ አውጥቶ አስገባ፤ አማካዩ ምሳ ሰዓት ላይ ወደቀ። ለፈረቃ ሠራተኛ ለየፈረቃው ለየብቻ ካልተሞላ በቀር የፒትስበርጉ አይሆንም። ይኼ የእኔ ፍርድ ነው።

የእኔ ውጤት 5 ሆነ። አረንጓዴ። ከ5 ስላላለፈ «ጥሩ እንቅልፍ ያለው» ተባልኩ። ዝርዝሩን ስመለከት ትራስ ሳልነካ እንቅልፍ የሚወስደኝ መሆኑ፣ መድኃኒት አለመውሰዴ፣ አልጋ ላይ የምውለውን ሰዓት ሳላባክን መተኛቴ ሁሉ 0 አስገኝቶልኛል። ከሁሉ ይበልጥ ያስጠቆረኝ ቀን ቀን ነቅቶ የመዋል ጥያቄ ነበር፣ እሱም 2፤ የቀረው ከሌሎቹ ክፍሎች የተለቃቀመ ነው። ስክሪኑን ለባለቤቴ ላሳያት ወደ ቤት ሄድኩ።

ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«ማንን ጠይቀው ነው?»

«እኔን ነዋ።»

«አንተማ ተኝተህ!» አለች። «ሌሊት ትንፋሽህ ቀጥ ሲል ተቀምጬ የምቆጥረው እኔ አይደለሁ?»

የምትቆጥር መሆኑን አላውቅም ነበር። «እስከ ስንት ትደርሻለሽ?» አልኳት።

«አንዳንዴ እስከ ሃያ። አንድ ጊዜ ሠላሳ ላይ ስደርስ በክርኔ ደቆስኩህ።» ወደ ምስሯ ተመለሰች። «ከዚያ እንደ በሬ ታጓራና ትቀጥላለህ።»

ለፋሲካ የእህቴ ልጅ ከጎንደር መጣች፤ የነርስነት ተማሪ ናት። ይኼን ስነግራት ስልኬን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ገጽ ጎድሎታል» አለችኝ። በማግስቱ ሙሉውን አሳትማ አመጣች። እውነቷን ነው። ተኚው ራሱ የሚመልሳቸው 19 ጥያቄዎች ካለቁ በኋላ አብሮ የሚተኛ ወይም ክፍል የሚጋራ ሰው ካለ ለእሱ የሚቀርቡ 5 ጥያቄዎች አሉ፦ ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ በእንቅልፍ መካከል ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ መቋረጥ፣ የእግር መንቀጥቀጥ ወይም መወራጨት፣ ነቅቶ ግራ መጋባት፣ ሌላ እረፍት የሚነሳ ነገር። እነዚህ አምስቱ በድምሩ ውስጥ አይገቡም። ለሐኪም መረጃ ብቻ ናቸው። የኛዎቹ ልጆች ለምን ቆረጣችሁት ብዬ ስደውልላቸው «ነጥብ ስለሌለው ነው፣ ፎርሙ እንዳይረዝም» አሉኝ። ክፋት የለበትም፣ እውነትም ነው፣ ነጥብ የለውም።

ባለቤቴ መነጽሯን አደረገችና በእስክሪብቶ ሞላችው። ማንኮራፋት፦ በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ። ትንፋሽ መቋረጥ፦ በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ። ሁለተኛው ላይ ክቧን ሁለቴ አከበበችው። የእኔ ድምር ግን ያው 5 ነው፣ አልተነቃነቀም። መጋዘን ውስጥ እንዲህ ያለውን ካርድ የሌለው ዕቃ እንለዋለን። በመደርደሪያው ላይ ቆሞ ታየዋለህ፣ አቧራውን ትጠርግለታለህ፣ በመዝገብ ግን የለም።

የእህቴ ልጅ ሌሎችንም ይዛ ነበር የመጣችው። ስቶፕ ባንግ የሚባለው ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ፍራንሰስ ቹንግ የሚባሉ የሰመመን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በእንቅልፍ መካከል ትንፋሽ የሚቋረጥበትን ሕመም ለመጠርጠር፣ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሰዎች አዘጋጅተው በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ስምንት አዎ-አይደለም ጥያቄ ብቻ። ታንኮራፋለህ? ቀን ይደክምሃል? ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብህ? ከመጠን በላይ ወፍረሃል? ከ50 ዓመት በላይ ነህ? አንገትህ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ወንድ ነህ?

አንገት የሚለው ላይ ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ ሜትሯን አወጣች። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስንቱን አንገት ለክታለች፣ የእኔን ግን ከሠርጋችን ወዲህ ለክታው አታውቅም። «ቀና በል። አትንፋ።» አርባ ሁለት። «ሸሚዝ አንገቱ አልቆለፍ ሲልህ የሰፋውን ስትረግም ኖርክ» አለችኝ።

ግፊት የለብኝም፣ በፋብሪካው ክሊኒክ በየጊዜው እለካለሁ። 47 ዓመቴ ነው። ውፍረቴም መጠይቁ ከሚለው አይደርስም። የቀሩት አምስቱ አዎ ናቸው። 3 እና 4 መካከለኛ ሥጋት ነው፣ ከ5 ጀምሮ ከፍተኛ። አሁንም 5። በአንዱ ወረቀት 5 አረንጓዴ፣ በሌላው 5 ቀይ።

ኤፕዎርዝ የተባለው ደግሞ ከአውስትራሊያ ነው፤ ሜልበርን ኤፕዎርዝ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ ሐኪም፣ ሙሬይ ጆንስ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. አወጡት። ስምንት ሁኔታ ይሰጥሃል፦ ተቀምጦ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ለአንድ ሰዓት በመኪና መጓዝ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት፣ ከሰው ጋር ማውራት፣ ከምሳ በኋላ አልኮል ሳይጠጡ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ በትራፊክ መቆም። በእያንዳንዱ ላይ የማሸለብ ዕድልህን ከ0 እስከ 3 ትሰጣለህ። ከ10 በላይ ካመጣህ ከልክ ያለፈ እንቅልፋምነት ነው። ወረቀቱ ስለ ድካም አልጠየቅኩህም ብሎ በግልጽ ይለያል፤ የሚፈልገው ማሸለብን ነው። የእህቴ ልጅ ያሳተመችው የአማርኛ ቅጂ ግን «ድካም ይሰማዎታል?» ይላል። በኛ ቋንቋ መድከምን ከማሸለብ ለመለየት ቃል አላጣንም፤ ዛልኩ፣ ደከመኝ፣ ሸለብ አደረገኝ፣ አንጎላጀኝ፣ እንቅልፍ ጣለኝ፣ እያንዳንዱ ቦታ አለው። ተርጓሚው እናቱን ቢጠይቅ ይበቃው ነበር።

እሷ በአፏ እያረመችልኝ ሞላሁት። ሰርቪስ ላይ 3፣ ይኼ አያከራክርም። ቴሌቪዥን 3። ጋደም ማለት 3። ንባብ 2። ስብከት ላይ... ሰው በተሰበሰበበት ነው የሚለው፣ 2፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከምሳ በኋላ 2። ወሬ ላይ 0፣ መኪና ስለሌለኝ ትራፊኩ 0። አሥራ አምስት። «ትራስ ሳይነኩ የሚተኙት ጥሩ እንቅልፍ ስላለዎት እንዳይመስልዎት ጋሼ፤ እንቅልፍ የተራበ ሰውም እንዲያ ነው» አለችኝ። ያን 0 ነጥቤን ሳስበው አፈርኩ።

እዚህ ላይ ስለ አገልግሎቱ የማልተወው ቅሬታ አለኝ። ውጤቱ ከነስማችን፣ ከነቀለሙ ለሰው ሀብት ክፍል ሄደ። የፎርክሊፍት ሾፌራችን ይኼ እንደሚሆን ገብቶት ሁሉንም ጥያቄ ያለ አሳብ አሳምሮ ሞላ፤ ልጁ ከምሳ በኋላ ጎማው ጥላ ሥር ሲያንጎላጅ በየቀኑ የማየው ነው። ምን ያድርግ? «አዎ፣ ያሸልበኛል» ብሎ ቢጽፍ ነገ ከማሽኑ ወርዶ ካርቶን ተሸካሚ ሊሆን ነው። መጠይቅ ማለት የሰው ቃል ነው። ሰው ያለ ፍርሃት እንኳ ስንት ሰዓት ተኛህ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አብዝቶ ይናገራል፤ በፍርሃት ደግሞ ምን እንደሚናገር የታወቀ ነው። ዕቃ ቆጣሪና ዕቃ ያዥ አንድ ሰው አይሆኑም፣ ይኼ የመጋዘን ሕግ ነው። መልሱ ለክሊኒኩ ነርስ ብቻ ቢሄድ ኖሮ ሾፌሩ እውነቱን ይናገር ነበር።

ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ፣ አገልግሎቱ ከአምስት ኮከብ ሁለት። አንዱ ለትሕትናቸው፣ አንዱ ጨርሶ ስላሰቡን። የፒትስበርጉ ወረቀት ሙሉውን ከሞላችሁት አራት፤ ገጹ ከተቆረጠ ሁለት ተኩል። ኤፕዎርዝ በተለይ መሪ ለሚይዝ ሰው አራት። ስቶፕ ባንግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሜትር ብቻ ያዘጋጁ፤ አምስት። ሳቴድ ሐሳቡ መልካም ነው፣ በሽታ ከመፈለግ ጤናን መጠየቁን ወድጄዋለሁ፣ ግን 6 ሰዓት ለተኛ ሙሉ ነጥብ መስጠቱ አልገባኝም፤ የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚና የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ሰው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብለዋል። በሰዓታችን ካልተተረጎመ ደግሞ ኮከብ የለውም።

አንድ ወረቀት ቀርቶ ነበር፤ የእንቅልፍ እጦት መጠን መለኪያ፣ ካናዳዊው ቻርልስ ሞሪን ያዘጋጁት። ሰባት ጥያቄ ነው፣ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ድምሩ እስከ 28 ይሄዳል፣ ከ15 ጀምሮ የሕክምና ደረጃ ላይ የደረሰ የእንቅልፍ እጦት ይባላል። ለመተኛት መቸገር፣ ሌሊት መንቃት፣ ማልዶ ነቅቶ መቅረት። እኔ 4 አመጣሁ። የእህቴ ልጅ ወረቀቶቹን ልትሰበስብ ስትል ባለቤቴ አንድ ባዶ ቅጽ ሳበችና ዝም ብላ መሙላት ጀመረች። ሁለታችንም እያየናት ነው። ጨርሳ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ደመረችው፣ ደግማ ደመረችው።

«አሥራ ሰባት» አለች።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ወረቀቶቹን ሁሉ በፋይል ይዤ፣ አረንጓዴውን ውጤት ከላይ አድርጌ ነበር። ሐኪሙ መጠይቅ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ፣ ሌሊት ተኝቼ ትንፋሼና በደሜ ያለው ኦክስጅን እየተመዘገበ የሚደረግ ምርመራ እንደሚያስፈልገኝ ነገረኝ። ከዚያ ፋይሉን ገለጠ። አረንጓዴውን አለፈው። በእስክሪብቶ የተሞላውን ገጽ ሲያገኝ ቆመና፣ ሁለቴ የተከበበውን ቁጥር እያየ፣ ወደ ባለቤቴ ዞረ፤ «እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ» አላት።